እናቷ አረብ አገር ናት ተብላ ለምትጠብቅ ልጅ መርዶውን ማን ይንገራት?

እህቴ ሰላም ላንቺ፣ ለልጅቷም። ጥያቄሽ ረጅም ስለሆነ ሌላውም ሰው እንዲከተለን አሳጥሬ ላስቀምጠው። የወንድምሽ ልጅ ናት፣ አሁን 9 ዓመቷ ነው። ወንድምሽ፣ ሚስቱና ትንሹ ልጃቸው ሰኔ 11 ቀን 2014 ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ አማራ ናቸው ተብለው ከተጨፈጨፉት መሀል ነበሩ። ልጅቷ ኦሮሞ ጎረቤታቸው እጇን ይዛ ጫካ አስገብታት ተረፈች፣ ከዛ በዘመድ በዘመድ ደቡብ ወሎ ሐይቅ ከተማ አንቺ ጋር ደረሰች። አባቷ ሲወድቅ ስላየች የሱን መደበቅ አልተቻለም፣ የእናቷን ግን ቤተሰብ ተመካክሮ "ወንድምሽን ይዛ ሸሽታለች፣ አሁን አረብ አገር ናት፣ ሰርታ ትመጣለች" ተባለች። ይሄው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጣ ትመጣለች፣ ሌሊት ትባንናለች፣ አልጋ ላይ ትሸናለች፣ ሰርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ አልጋ ስር ትገባለች፣ ጨዋታዋ ደግሞ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ መቅበር ሆኗል። ጎረቤት ጅን ነው ይላል፣ አጎቷ ልጅ ናት ትረሳዋለች ይላል፣ አንቺ ደግሞ "እውነቱን ብነግራት ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ" ብለሻል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፣ ይነገራት። ዛሬ ማታ በድንገት ማለቴ አይደለም፣ ተዘጋጅታችሁ፣ ግን ይሄ ክረምት ሳያልፍ ይነገራት። እንደውም ካወራሽኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ሽንቱም መባነኑም አይደለም፣ የስልኩ ነገር ነው።

ለምን ቢባል፣ እናንተ በፍቅር ነው የዋሻችኋት፣ እሱን ማንም አይጠራጠርም፣ እዚህ ወሎ ደግሞ አረብ አገር ያልሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ስለሌለ ውሸቱ በቀላሉ ይታመናል። ግን አንዴ በልጅቷ ቦታ ሆነሽ አስቢው። የጎረቤት ልጆች እናቶች ጅዳና ሪያድ ሆነው በኢሞ ይደውላሉ፣ ለኢድ ልብስ ይልካሉ፣ ፊታቸውን ያሳያሉ። የሷ እናት ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልደወለችም። ልጅ ይሄን ዝም ብሎ አያልፈውም፣ የሆነ መልስ ይፈልግለታል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ወንድሜን ይዛ እኔን ጥላ ሄደች፣ እሱን ትወደዋለች እኔን አትወደኝም፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለች ነው ልጅቷ። ገዳዮቹ እናቷን ነው የወሰዱባት፣ ውሸቱ ደግሞ የእናቷን ፍቅር ወሰደባት። እውነቱ ሲነገራት ታለቅሳለች፣ በጣም ታለቅሳለች፣ ግን የምትወዳት እናት ትመለስላታለች። እናቷ ጥላት አልሄደችም እኮ።

የአጎቷን ነገር በተመለከተ፣ ልጅ ይረሳል የሚባለው ለሁለት ዓመት ህፃን እንኳን ሙሉ ለሙሉ አይሰራም፣ የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ በደንብ ታስታውሳለች። ምናልባት ቅደም ተከተሉ ይምታታባታል፣ ድምፁን፣ ሽታውን፣ የሰው ጩኸቱን፣ የመሬቱን እርጥበት ግን ሰውነቷ ይዞታል፣ ሰርግ ላይ አንድ ጥይት ሲጮህ ያ ሁሉ ባንዴ ይነሳል። ያኔ በ6 ዓመቷ ብትነግሯት ኖሮ ሞት ማለት የማይመለስ መሆኑ ላይገባት ይችል ነበር፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሞተ ሰው ቆይቶ ይነሳል ብለው ነው የሚያስቡት፣ ከ5 እስከ 8 ባለው ቀስ እያለ ይገባቸዋል፣ 9 እና 10 ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ እንደኛው ያውቁታል። ስለዚህ ልጅሽ አሁን የሚገባት እድሜ ላይ ናት። ካልነገርሻት ደግሞ ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ ተጣልቷት "እናትሽ ታርዳ ነው" ይላታል፣ በአንድ መንደር ውስጥ ይሄ ተደብቆ አይቀርም፣ ያን ቀን አጠገቧ ማንም አይኖርም።

እንደውም ግማሹን ታውቃለች ብዬ ነው የማስበው። ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልላ የምትቀብረው ለምን ይመስልሻል? ይሄ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ልጅ በአፉ መናገር ያቃተውን በእጁ የሚናገርበት መንገድ ነው። ኖርማል ጨዋታ ሲሆን ልጅ እየሳቀ ይቀያይረዋል፣ እንዲህ ያለው ግን ሳይቀየር በአንድ አይነት ይደጋገማል፣ ፊቷም ላይ ደስታ የለም። አትከልክያት፣ አትቆጫት፣ ጠጋ ብለሽ ቁጭ በይና "ይሄ ማነው?" ብለሽ ብቻ ጠይቂያት። መልስ ካልሰጠችሽም ችግር የለም፣ እንዳየሽላት ታውቃለች።

ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ ደቡብ ወሎ መጠለያ ከገቡት ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛ ልጅ አይቻለሁ። አያቱ ትቆጣዋለች፣ እሱ ያለቅሳል፣ በግድ ስታወልቅለት ሌሊቱን አይኑን ሳይከድን ያነጋል፣ ፍራሹም ጭቃ በጭቃ ይሆናል። ቁጭ ብለን ስናወራው ያን ቀን በባዶ እግሩ ነው የሮጠው፣ እሾህ ወግቶት ወደ ኋላ ቀርቶ እናቱ ልታነሳው ስትመለስ ነው የመቷት። ጫማ አድርጌ ቢሆን ኖሮ እናቴ አትሞትም ነበር ብሎ ነው የሚያስበው፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለማንም ሳይናገር። ጥፋቱ የተኮሰው ሰው ነው፣ ያንተ እግር አይደለም ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ከዛ በኋላ ከአያቱ ጋር ተስማምተው ጫማው ታጥቦ ራስጌው ስር መደረግ ጀመረ፣ እጁን ሰደድ ሲያደርግ የሚያገኘው ቦታ ላይ፣ ልጁም መተኛት ጀመረ። ይሄን የምነግርሽ ያንቺም ልጅ እንዲህ አይነት የደበቀችው ነገር ሊኖራት ስለሚችል ነው። "እናቴ ስትጠራኝ አልሄድኩም"፣ "የወንድሜን እጅ ለቀቅኩት" የሚል ነገር ስትሰሚ ቶሎ ብለሽ "ኧረ ተይ እንደሱ አይባልም" እንዳትያት። መጀመሪያ ጨርሰሽ ስሚያት።

አሁን ወደ አነጋገሩ ልምጣ። እኛ ወሎዎች መርዶ አነጋገር ማንም አያስተምረንም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰፈሩ ሲነጋጋ ይሰበሰባል፣ የሚቀርበው ሰው ይመረጣል፣ ሴቶቹ ወገቧን ይዘው አጠገቧ ይቆማሉ፣ ውሃ ይዘጋጃል፣ ከዛ ነው የሚነገራት። ቅሬው (እድሩ) ድንኳን ይዞ ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሰው ሦስት ቀን አይለያትም። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ለቀስተኛዋ ሀዘኑን ብቻዋን እንዳትሸከመው ነው። ልጆቹን ግን ያን ሰዓት ጎረቤት ቤት እንሰዳቸዋለን፣ በር ይዘጋባቸዋል፣ ለቅሶውን ግን በግድግዳው በኩል ይሰሙታል። ያንቺ ልጅ ሦስት ሰው አጥታ አንድም ቀን ለቀስተኛ ሆና አልተቀመጠችም። ስለዚህ አሁን የምትሰሪው ነገር አዲስ አይደለም፣ ለአዋቂ የምታደርጉትን በልጅ ልክ አድርጋችሁ ለሷም አድርጉላት ነው የምልሽ።

ተናጋሪዋ አንቺ ሁኚ፣ ሌላ አይሁን፣ ከዚያም በኋላ አብራት የምትኖረው አንቺ ነሽ። አያቷ ካሉ እሳቸውም ይኑሩ፣ ከዛ በላይ ሰው አታብዢ። ማታ አይሁን፣ ወደ መኝታ ስትሄድ ይዛው እንዳትገባ፣ ትምህርት የሌለበት ቀን ጠዋት ቁርሷን ከበላች በኋላ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ አብረሻት እንድትውይ። ስልክሽን አጥፊው። ከዛ አጭር አድርገሽ በቀጥታ ንገሪያት፣ መግቢያ አታብዢ፣ ልጅ መግቢያው ሲረዝም የበለጠ ይፈራል። እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ "አንድ የሚያሳዝን ነገር ልነግርሽ ነው፣ እኔም ሳዝን ታይኛለሽ። እማ አረብ አገር አይደለችም። አባ በሞተበት ቀን እማና ወንድምሽም ሞተዋል። ጥላሽ አልሄደችም። ያኔ ትንሽ ስለነበርሽ እንዳትጎጂብን ብለን ነው ሌላ ነገር የነገርንሽ፣ ልክ አልነበረም፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትጠይቂኝን ሁሉ እውነቱን እነግርሻለሁ።" በቃ ይሄው ነው። "ሞተዋል" የሚለውን ቃል አትሽሺው። ተኝታለች ካልሻት መተኛት ትፈራለች፣ ሄዳለች ካልሻት መጠበቅ ትቀጥላለች፣ አላህ ስለወደዳት ወሰዳት ካልሻት ደግሞ አላህ የሚወዳቸውን ሰዎች በሙሉ እንደሚወስድባት አድርጋ ልትይዘው ትችላለች፣ አንቺንም ጨምሮ። ጀነት ናቸው ማለት ትችያለሽ፣ እምነታችሁ ነው ያፅናናታል፣ ግን መሞታቸው መጀመሪያ በግልፅ ይነገር፣ ጀነቱ ከዛ ይከተል።

ከዛ ዝም በይ። ልትጮህ ትችላለች፣ ልትመታሽም ትችላለች "ውሸታም" ብላ፣ ወይ ደግሞ አስር ደቂቃ ሳይሞላ "ልጫወት ልሂድ?" ልትል ትችላለች። ይሄኛው አዋቂን በጣም ያስደነግጣል፣ ልቧ ደንድኖ ነው ይባላል፣ ግን አይደለም፣ ልጅ ሀዘንን እንደኛ ቀኑን ሙሉ መሸከም አይችልም፣ ትንሽ ይዞ ያስቀምጠዋል ከዛ ተመልሶ ያነሳዋል፣ በጨዋታው መሀል፣ ምሳ እየበላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፀጉሯን ስትሰሪያት። ያኔ የሚመጡት ጥያቄዎች ከባድ ናቸው። አሟት ነበር ወይ? ጠርታኝ ነበር? ማን ቀበራት? የምታውቂውን በአጭሩ መልሺላት፣ የማታውቂውን "እኔም አላውቅም" በያት፣ የአገዳደሉን ዝርዝር ግን ካልጠየቀች አንቺ አታምጪው።

አንዱ ጥያቄ ግን ለብቻው ይታይ፣ "ለምን ገደሏቸው?" ሚለው። እናቱን በበሽታ ወይ በመኪና አደጋ ካጣ ልጅ የዘር ፍጅት የተረፈ ልጅ የሚለየው እዚህ ጋር ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣውና አገራችንም ቀድማ ያፀደቀችው የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት ወንጀሉን ሲተረጉም አንድን ብሄር ወይ ሀይማኖት ወይ ዘር በመሆኑ ብቻ በሙሉ ወይ በከፊል ለማጥፋት በሚል ነው። ህጉን ለህግ ሰዎች እንተወው፣ ለልጅ ግን ትርጉሙ ቀጥታ ነው፣ "እነሱን በዛ ምክንያት ከገደሏቸው እኔም እኮ ያው ነኝ"። ስሟን መናገር፣ ከየት እንደመጣች መናገር ሚፈሩ ልጆች አሉ። ስለዚህ ስትጠይቅሽ አትዋሻት፣ "አማራ በመሆናቸው መሳሪያ የያዙ ሰዎች ገደሏቸው፣ እማም አባም ምንም ጥፋት አልነበራቸውም፣ አማራ መሆን ጥፋት አይደለም፣ የገደሉት ናቸው ጥፋተኞች" በያት። በዛው አፍሽ ደግሞ እጇን ይዛ ጫካ ያስገባቻት ጎረቤት ኦሮሞ እንደሆነች ንገሪያት፣ ደጋግመሽ ንገሪያት። ይሄን የምለው ለፖለቲካ አይደለም፣ ልጅቷ የዓለም ግማሽ ሊገድላት የሚፈልግ ሆኖ እንዳይታያት ነው፣ እንደዛ ከታያት እንቅልፍ ከየት ይመጣል። የቤተሰቡንም ታሪክ ንገሪያት። አያቷ ከወሎ ወለጋ የሄዱት በ1977 ድርቅ ጊዜ በደርግ ሰፈራ ነው ብለሻል፣ ለምን እዛ እንደተወለደች፣ አሁን የመጣችበት አገር የቅድመ አያቶቿ እንደሆነ ትወቀው። መጤ የሚለውን ስድብ እዛም ሰምታዋለች፣ እዚህም ተፈናቃይ እየተባለች ነው።

መቃብር የለም ብለሽ ተጨንቀሻል፣ ገባኝ፣ እዛው በጅምላ ነው የተቀበሩት። መቃብር ባይኖርም ሰደቃ ይቻላል። ለብቻዋ ትንሽ ሰደቃ አውጡላት፣ ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ የሦስቱንም ስም ይጥሩ፣ እሷ አጠገብሽ ትቀመጥ፣ ስራ ስጫት፣ ቡና ቁርሱን ታዙር፣ ጀባ ትበል፣ እንግዳው "አላህ ይማርልሽ" ብሎ ለሷ በስሟ ይንገራት፣ ላንቺ ብቻ አይሁን። ከአንዱ ዘመድ ስልክ ላይ የእናቷ ፎቶ ከተገኘ አሳጥበሽ ስጫት። ከሁሉም በላይ ስለ ኑሮዋ አውሩላት፣ እናቷ ምን ወጥ እንደሚጣፍጥላት፣ ስትስቅ እንዴት እንደምትስቅ፣ እሷን ስትወልድ ምን እንዳለች። በእንዲህ አይነት ሞት የሚሞቱ ሰዎች የመጨረሻዋ ሰዓት ምስል የቀረውን ትዝታ ሁሉ ትሸፍነዋለች፣ ልጁ እናቱን ሊያስብ ሲል ደሙ ነው የሚመጣበት፣ ስለዚህ ማሰቡን ይተወዋል። ሌላው ትዝታ በሰው አፍ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ከሩዋንዳ ሁለት ነገር እንውሰድ። በ1994 እ.ኤ.አ. ቱትሲዎች ላይ በ100 ቀን አካባቢ ያ ሁሉ እልቂት ከወረደ በኋላ ከ3,000 የሚበልጡ ልጆች ተጠይቀው ከአስሩ ወደ ስምንቱ የቅርብ ቤተሰብ የሞተባቸው ነበሩ፣ አብዛኞቹም እኔም እሞታለሁ ብለው አምነው ነበር። አንደኛው ነገር፣ የተረፉት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ማህበር መስርተው እርስ በርስ "ቤተሰብ" ሆኑ፣ ከመሀላቸው አባትና እናት መርጠው፣ ማን ታመመ ማን ፈተና ወደቀ እየተባባሉ ኖሩ። ከ100 ዓመት በፊት ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ከአርመን ፍጅት የተረፉት "አርባ ልጆች"ም አብረው የሙዚቃ ባንድ ሆነው ነው አዲስ አበባ የሰሩት። ያንቺም ልጅ እንደሷ የተረፈ ልጅ ታግኝ፣ ተፈናቃዮች ካሉበት ፈልጊላት፣ በሳምንት አንድ ቀን አብረው ይጫወቱ፣ ስለ ቶሌ ባያወሩም ይበቃል። ሁለተኛው፣ ሩዋንዳ ውስጥ በየዓመቱ ሚያዝያ መታሰቢያው ሲመጣ የተረፉት ሰዎች ህመም ይነሳል፣ ስታዲየም ውስጥ ራሱን የሚስት ብዙ ነው፣ ለዛ ተብሎ ባለሙያ ይመደባል። ላንቺ ልጅ ያ ወር ሰኔ ነው። ዝናቡ ሲጀምር፣ ጭቃው ሲሸት፣ ቀኑን ባታውቀው እንኳን ሰውነቷ ያውቀዋል። ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ አስተማሪዋን አናግሪ፣ ፈተና ላይ ብትደነዝዝ እንዳይቆጧት።

ጅን ነው ለሚሉት፣ ሩቅያውን (ቁርአን እየቀሩ ማከሙን) አልቃወምም፣ ሼሁ ረጋ ያሉ ከሆኑና አንቺ እቅፍሽ ውስጥ አድርገሻት ቁርአን ከተቀራባት ያረጋጋታል እንጂ አይጎዳትም። መምታት፣ ማሰር፣ ጭስ ማጠን ካለበት ግን በጭራሽ። እሷ ባለችበትም "ጅን አለባት" አይባል፣ አመነችው ማለት ነው። ከፋርማሲ የእንቅልፍ ኪኒን ገዝተሽ እንዳትሰጫት፣ ዳያዚፓም ምናምን ለሀዘንተኛ ልጅ እንዳይሰጥ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል፣ ሀዘኑን አይቀንሰውም። ለሽንቱ ቁጣ የለም፣ ማዳበሪያ ጆንያ ወይ ላስቲክ ከአንሶላው ስር አንጥፊ፣ ከመተኛቷ በፊት ሽንት ቤት ውሰጃት፣ ጠዋት አንሶላውን ሰው ፊት አታውጪው። ሌሊት ስትባንን መብራት አብሪና ያለችበትን ንገሪያት፣ "ሐይቅ ነሽ፣ እኔ አክስትሽ ነኝ፣ በሩ ተቆልፏል" በያት፣ እግሯን መሬት አስነኪያት። ሰፈር ሰርግ ካለ ደግሞ ሊተኮስ እንደሚችል ጠዋት ቀድመሽ ንገሪያት፣ ባለሰርጎቹንም ለምኚ፣ ወሎ ሰው ልጅ ታማለች ከተባለ ይሰማል።

ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው አታስገቢ። እርዳታ ይገኛል ቢሉሽም፣ ዩቲዩብ ላይ እያለቀሰች እንድትተርክ አታድርጊ። ታሪኩን ለማያውቁት ሰው በግድ መተረክ ልጅን አያሽረውም፣ የተቀዳው ደግሞ አድጋም ይከተላታል።

አንቺም ወንድምሽን ነው ያጣሽው። ልጅቷ እንዳታውቅ ብለሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ጓዳ ገብተሽ ነው ያለቀስሽው። መርዶው ከተነገረ በኋላ መደበቁ ይቅር፣ አብረሻት አልቅሺ፣ ከዛ ተነስተሽ ምሳ ስሪ፣ ማልቀስና መኖር አብረው እንደሚሄዱ ካንቺ ነው የምታየው።

ከተነገራት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንቱም መባነኑም ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጪ። "እናቴ ጋር ልሂድ፣ ልሙት" ካለች፣ ራሷን ከጎዳች፣ ምግብ እንቢ ካለች ወይ ጭራሽ መናገር ካቆመች ግን ሳምንት አትጠብቂ። ይሄ ባይኖርም ከተነገራት ስድስት ወር አልፎ ናፍቆቱ በየቀኑ ትምህርቷንና ጨዋታዋን የሚያስተዋት ከሆነ ህክምና ያስፈልጋታል። ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ ከሐይቅ በታክሲ ቅርብ ነው። ካርድ ስታወጪ "ልጅ ናት፣ ጭፍጨፋ አይታለች፣ ወላጆቿ ሞተዋል" ብለሽ በግልፅ ተናገሪ፣ ለመድሃኒት ብቻ ሳይሆን ለንግግር ህክምና እንደመጣሽ ንገሪያቸው፣ እሷንም የት እንደምትሄዱ ቀድመሽ ንገሪያት።